ማን ወረወረው

የእጅ ኳስ በረኛው ደረቱን የመታውን ኳስ እንዳቀፈ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፤ ሊናገር አፉን ከፈተና በግንባሩ ተደፋ።

የአራተኛ ክፍል ልጆች በሳቅ ፈነዱ። «ግንቡ» ብለው የሚጠሩት ይህ ቀጭን ልጅ ኳስ ባዳነ ቁጥር ሞቻለሁ ብሎ መዘርጋት ልማዱ ነው። የስፖርት መምህሯም ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ፣ «ተነስ ባክህ፣ ዛሬ ቀባሪ የለህም» አለችው።

ኳሱ ከሥሩ ወጥቶ እየተንከባለለ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ፈገግታዋ ፊቷ ላይ የደረቀው። ግንቡ ሞቶም ቢሆን ኳስ የሚለቅ ልጅ አልነበረም።

ሮጣ ደርሳ ገለበጠችው። ዓይኑ ገርበብ ብሏል፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ጆሮዋን አፉ ላይ አስጠጋች፤ ትንፋሽ የለም። አንገቱን ዳበሰች፤ የሚመታ ነገር የለም። ከልጆቹ ፈጣኗን ሯጭ አምቡላንስ ይጠራ ብላ ወደ ዳይሬክተሩ ላከች። ከዚያ ሁለት መዳፏን ደራርባ ደረቱ መሃል ላይ አሳረፈችና መጫን ጀመረች።

ይህን የተማረችው ከዓመታት በፊት አንድ ሥልጠና ላይ በፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበር። አሻንጉሊቱ በደንብ ሲጫኑት ጠቅ ይላል፤ ልክ ነሽ ማለቱ ነው። የልጅ ደረት ግን እንዲህ ብሎ አይነግርም። ይሰረጉዳል፣ ይመለሳል፣ ይሰረጉዳል። አንዴ ከውስጥ እንደ ጭራሮ የሚሰበር ነገር ተሰማት። እጇ ግን አልቆመም።

ልጆቹ ከግብ ክልሉ መስመር ውጭ ተደርድረው ቆመዋል። በእጅ ኳስ ከበረኛው በቀር ይህን መስመር ማንም አይረግጥም ብላ ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ አሁንም አንዱም አልረገጠም። ከሁሉም ፊት ክፍሉ «ጭምቷ» የሚላት ዝምተኛ ልጅ ቆማለች። የወረወረችው እሷ ናት።

ጭምቷ ኳስን እንደ ሞላ ሰሃን የምታቀብል እንጂ የምትወረውር ልጅ አልነበረችም። መምህሯ ስንቴ ለምናታለች፣ ስንቴ ተቆጥታታለች። ሦስት እርምጃ ሂጂ፣ ዝለይ፣ ከሆድሽ ወርውሪ እያለች። ዛሬም ጎንበስ ብላ፣ ለአንድ ቀን እንኳን ለበረኛው አትዘኚለት ብላት ነበር። ልጅቷም ሰማቻት። ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ዘለለች፣ ያላትን ሁሉ ወረወረች። ኳሱንም ቢሆን ጠዋት አልነጥር ብሎ ሲያስቸግራት እንደ ድንጋይ እስኪሆን በፓምፕ የነፋችው መምህሯ ራሷ ናት።

ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ጉልበቷን ጠጠር ላጠው። ተመለስ የኔ ጌታ፣ ተመለስ እያለች ትጫናለች። ለፈጣሪ ያላቀረበችለት ነገር አልቀረም፤ እንጀራዋን፣ ዕድሜዋን፣ እነዚህኑ ሁለት እጆቿን።

የልጁ እናት እዚያው ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ማንም ሳይጠራት፣ ጠመኔው እጇ ላይ እንዳለ ሮጣ መጣችና መስመሩን አልፋ ራስጌው ወደቀች። ፀጉሩን እየዳበሰች ቤት ውስጥ በምትጠራው ስም ታባብለዋለች። የመምህሯ ክንድ ዝሎ ዘገም ሲል ቀና ብላ አየቻት።

«እህቴ፣ እንዳታቆሚ» አለቻት።

አላቆመችም።

አምቡላንሱ ሲደርስ ባለሙያዎቹ መምህሯን በትከሻዋ ይዘው ገለል አደረጓት። የልጁን ሸሚዝ ቀደዱ፣ የልብ ማስነሻ ማሽኑን ሽቦ ደረቱ ላይ ለጠፉ፣ ሁሉም እንዲርቅ አዘዙ። ትንሹ ገላ ዘለል ብሎ ተመለሰ። ምንም። እንደገና ሞከሩ። አሁን ከጉሮሮው ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ወጣ። አንደኛው ባለሙያ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ይተነፍሳል አለ። ይተርፋል ግን አላለም።

በቃሬዛ ሲያነሱት ዳይሬክተሩ እያለከለከ ማን እንደወረወረው ጠየቀ። ከልጆቹ አንዱ አፉን ሊከፍት ሲል መምህሯ ቀደመችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ላሳያቸው ብዬ እኔ ወረወርኩት።»

ዳይሬክተሩ ክው አለ። ትልቅ ሰው በሕፃን ላይ እንዲህ ይወረውራል ወይ፣ ይህ እዚህ የሚቀር ነገር አይደለም፣ ሕግም ይጠይቃል አላት። ወደ ልጆቹ ዞሮ እውነት መሆኑን ጠየቃቸው። ሁሉም አቀረቀሩ። የጭምቷ ከንፈር ሊናገር ተንቀጠቀጠ።

እናትየው አንድ እግሯን አምቡላንሱ ላይ አድርጋ ቆም አለች። የክፍሏ መስኮት ወደ ሜዳው ነው የሚያየው፤ ልጇ በረኛ በሚሆንበት ሰዓት ሥራዋን ጥላ እዚያ እንደምትቆም የማያውቅ የለም። ጭምቷን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ መምህሯን።

«በመስኮት እያየሁ ነበር» አለች ለዳይሬክተሩ። «መምህሯ ናት የወረወረችው።»

ገባች፤ በሩ ተዘጋባት።

መምህሯ እዚያው ጠጠሩ ላይ እንደ ተቀመጠች ጭምቷ መስመሩን አልፋ መጣች። አንገቷ ሥር ገብታ ተለጠፈችባት። መምህሯ በዛለው እጇ ጀርባዋን አቀፈቻት። ከስሱ ሸሚዝ ሥር የልጅቷ ልብ፣ ማንም ሳይጫነው፣ በራሱ ጊዜ መዳፏን ይመታል።