የቅዳሜዎቹ ሐኪሞች

«እጄ ቀዘቀዘብዎት አይደል? ይቅርታ» ይላል ተማሪው ፕሬስተን፣ የዴልሚራን ጡት መዳሰሱን ሳያቋርጥ።

ዴልሚራ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕክምና የሚማሩ ልጆች እዚህ ሴቶችን በነፃ ይመረምራሉ። ሥራዋ ላይ ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር እንስሳ ስትልጥ ውላ እጇን በሎሚ አሽታ ነው የመጣችው፤ ሽታው ግን አልለቅ ብሏታል። ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ውስጥ ያንን ጠጣር ነገር ካገኘች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ለተማሪዎቹ ትንፍሽ አላለችም። የመጣችው «ምንም የለም» ሲሏት ለመስማት ነው፤ እነሱ ካጡት እሷም ልትረሳው ወስናለች።

«ምንም የለም» ይላል ፕሬስተን።

ነፍሷ መለስ ትላለች። ሁለተኛውም ልጅ ነካ ነካ አድርጎ የለም በሚል ራሱን ይነቀንቃል። የተባረኩ ልጆች! እጇን ወደ ሸሚዟ ትሰዳለች።

«ቆይ ቆይ፣ ፒያኖ ነው እንዴ የምትነካኩት?» ይላል አስተማሪያቸው ዶክተር ዌክስለር። «ጣት አስተኝቶ ከብብት መጀመር ነው! እስኪ ሃድሊ፣ አንቺ ሞክሪ።»

ዓይን አፋሯ ሃድሊ ዓይኗን ጨፍና ከብብት ትጀምራለች። ጣቶቿ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ይቆማሉ።

«አገኘሁት!» ብላ ትዘላለች። «ዶክተር፣ አገኘሁት! ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ አይንቀሳቀስም!»

«ጎበዝ!» ይላል ዶክተሩ፣ ራሱም ዳስሶ። «ኑ፣ ሁላችሁም ንኩት። እንዲህ ያለ ሁሌ አይገኝም።»

አንዱ የሃድሊን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። ተሰልፈው በየተራ ይዳስሷታል።

«ካንሰር ነው?» ትላለች ዴልሚራ ጣሪያውን እያየች።

«የጡት ራጅ ሳይነሡ አይታወቅም» ይላል ዶክተሩ። «መሣሪያው ያለው ሆስፒታል ነው፤ በነፃ የሚያነሡት የሰው ቁጥር ደግሞ የዘንድሮው ሞልቷል። አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ ጥር ላይ ይሞክሩ።»

«አሁን እኮ ግንቦት ነው።»

«አዎ» ይላል፣ እጁን እየታጠበ።

ወደሚቀጥለዋ ሴት ያልፋሉ፤ ዴልሚራ ተነሥታ ሸሚዟን ትዘጋለች። ፕሬስተን ብቻ ፊቱ ቀልቶ ይቀራል።

«እኔ እኮ አላገኘሁትም» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰኞ ፈተና አለብን። አንዴ ልሞክር፣ ይፈቅዱልኛል?»

ደሟ ይፈላል። በጥፊ ልታጮለው ያምራታል። ከዚያ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች አየት ታደርግና ሸሚዟን መልሳ ከፍታ ትተኛለች። ጣቶቹ ይርመሰመሳሉ፤ ያልፉታል፣ ደግመው ያልፉታል።

«እዚህ ጋ፣ ልጄ» ትለዋለች፣ ጣቱን ይዛ እያስቀመጠችለት። «ጫን በለው።»