የኦርኔላ እርማት

«ቀጭኗ ክር አሁንም ወረደች» አለ ቱሊዮ፣ እንደ ክራር በጣት የሚመታውን ትልቁን ሉት ጭኑ ላይ እያደላደለ። «እንዲህ ከሄድን ሕዝቡ ቅኝት ብቻ ሰምቶ ወደ ቤቱ መግባቱ ነው።»

ኦርኔላ ሆዱ እንደ ግማሽ ቅል የተነፋውን ሉቷን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ መቃኛውን የፀጉር ያህል አዞረችው። የበግ አንጀት ክር አኩራፊ ነው፤ የኅዳር እርጥበት ከነካው እስኪለመን ይጠብቃል። ይህች የጣሊያኗ ከተማ የፓዶቫ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከቅዳሴ ሰዓት በቀር ሙቀት አታውቅም። የመጣው ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል።

ልቧን ያንጠለጠለው ግን ክሩ አልነበረም፤ ኔቪዮ ነው። ትንሹን ሉት ይዞ በግራዋ ተቀምጧል። ከቀትሩ ልምምድ ወዲህ አንዴም ቀና ብሎ አላያትም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጣት አጣጣሉን ያስተማረችው እሷ ናት፤ ዛሬ ደግሞ በሰው ፊት ሊያዋርዳት የሚችለው እሱ ነው።

የተጣሉት በአንዲት ድምፅ፣ በአንዲት ኖታ ነው። አሁን የሚጫወቱት ለሦስት ሉት የተጻፈ የጥንት ዜማ ነው፤ አራት መቶ ዓመት ተኝቶ የነበረውን ከነመሰሎቹ አሰባስባ ለኅትመት ያዘጋጀችው ኦርኔላ ናት። ሦስተኛው ክፍል ላይ የትንሹ ሉት ድምፅ ከእሷ ሉት ድምፅ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። የቁም ጸሐፊው እጅ ስቶ ነው ብላ አንድ እርከን ዝቅ አድርጋ አረመችው። መጽሐፉ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ሉት የያዘ ሁሉ እሷ ያረመችውን ይጫወታል።

«ፕሮፌሰር፣ አንዴ ብቻ እንደ ጥንቱ እንሞክረው» ብሏት ነበር ኔቪዮ ልምምዱ ላይ።

«ስድስት ዓመት ሞክሬዋለሁ። ጆሮ ያቆስላል።»

«በምንድን ነው የሞከሩት?»

«በፒያኖ ነዋ። ብቻዬን ሦስት ሉት ልያዝ እንዴ?»

«እኮ።»

ቱሊዮ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ያ ሳል አንገበገባት። «የጻፍኩትን ትጫወታለህ፤ አይ ካልክ ሉትህን ሸክፍ» አለችው።

«እሺ» አለ ኔቪዮ።

የኔቪዮን እሺ ታውቀዋለች። ልጅ ሆኖም እሺ ብሎ የልቡን የሚያደርግ ነበር።

ሦስቱ አንድ ላይ ትንፋሽ ሳቡና ጀመሩ። ሉተኞች መሪ የላቸውም፤ የሚግባቡት በትንፋሽ ነው። ከፊት ወንበር አሳታሚዋ ሲኞራ ብሬሳን የመጽሐፉን የመጨረሻ ረቂቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ ትከተላለች። ልማዱ እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ሁለቴ መጫወት ነው፤ በሁለተኛው ዙር ተጫዋቹ እንዳሻው ያስጌጣል። ኔቪዮ ካመፀ፣ ሲኞራ ብሬሳን መስማቷ አይቀርም።

አንደኛው ክፍል አለፈ፤ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ሲገባ ኦርኔላ ድምፅዋን መታችና ጠበቀች። ኔቪዮ እሷ ያረመችውን፣ ልክ እንደ ጻፈችው አድርጎ መታው።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ሽቅብ ሲወጣ የቆየው ዜማ እዚያች ቦታ ደርሶ አልጫ ሆነ። ለቅሶ ይመጣል ሲባል ማዛጋት እንደመጣ ያህል ነበር። የገዛ ድምፅዋንም ያኔ ሰማችው፤ የኔቪዮ ሲደርስ የእሷ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ፒያኖ ጣት ካልተነሳለት ድምፁን ቶሎ አይለቅም፤ ሉት ግን እንደተመታ ይከስማል። ፒያኖው ላይ ጦርነት የመሰላት ነገር እዚህ ከጭረት አያልፍም ነበር። ይህንኑ ለጀማሪ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

የሦስተኛው ክፍል ሁለተኛ ዙር ጀመረ። አሁን የፈራችው ተገላቢጦሹን ነው፤ ደግሞ ይታዘዘኝ ይሆን ብላ።

ኔቪዮ ዓይኑን ከወረቀቱ አልነቀለም። መናገር አይቻል፣ እጅ ማንሳት አይቻል። ድሮ፣ እሱ ልጅ ሳለ፣ «አሁን ግባ» የምትለው በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ ስባ ነበር። እንደዚያው አድርጋ ሳበች። ቀና አለ። ዓይኗን ግራ እጁ ላይ ጣለችና ቅንድቧን ሽቅብ አነሳች፤ አንድ እርከን ወደ ላይ ማለቷ ነው።

የኔቪዮ አፍ በመጠኑ ተከፈተ። የድል ፊት አልነበረም፤ እንደ መደንገጥ ያለ ነገር ነው።

ኦርኔላ ድምፅዋን መታች። ጣቱ አንድ እርከን ወጣ። ሁለቱ ድምፆች ተፋተጉ፤ ለቅጽበት ያህል አንድ የሚቆረቁር ነገር ቤቱን ሞላው፤ ወዲያው የቱሊዮ ወፍራም ክር ከሥር ደግፎ አሳረፋቸው። ከኋላ ወንበር ሲያስል የቆየ ሰው ሳሉን ዋጠ። የኦርኔላ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ውብ ነበር፣ እሷም ልትገድለው አንድ ሌሊት ነበር የቀራት።

ከፊት ወንበር የሲኞራ ብሬሳን ጣት ረቂቁ ላይ ቀጥ አለ። ሴትዮዋ ገጹን አየች፤ ኔቪዮን አየች። ከዚያ ከቦርሳዋ ብዕር አወጣችና ኦርኔላን አየቻት።

ዜማው ገና ስላላለቀ የኦርኔላ እጆች አላረፉም። ክሩን እየመታች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችላት። ሴትዮዋ አጎነበሰችና እርማቱን ሰረዘችው።