የአደራው እግር

ከበቅሎ ወድቆ የተሰበረውን የየሻረግን ባል እግር የአገሩ ወጌሻ በቀርከሃ ጠፍሮ ቢያስረው፣ እግሩ ደም አጥቶ ጠቆረ። ሆስፒታል ሲደርሱ ረፍዶ ነበር። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ወጥቶ፣ «ከጉልበቱ በታች ባንቆርጠው ኖሮ ባልሽም አይተርፍም ነበር» አላት።

ባሏ ከሰመመኑ እንደነቃ በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ እግሩ ነው።

«አደራሽን፣ የትም እንዳይጥሉብኝ» አላት እጇን ጨብጦ። «ወስደሽ ከአባቴ መቃብር አጠገብ ቅበሪልኝ። በትንሣኤ ቀን ጎዶሎ ሆኜ መነሣት አልፈልግም።»

«አንተ አታስብ፤ የሚቀበርበትን ቦታ አውቀዋለሁ» አለችው።

በጨርቅ የተጠቀለለውን እግር ተረክባ በነጠላዋ እንደ ሕፃን ስታቅፈው፣ ያዩዋት አስታማሚዎች ከንፈራቸውን መጠጡ። «እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ትገኛለች!» አለች አንዷ።

መንደሯ ስትደርስ ጀምበር ልታዘቀዝቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆም ብላ ተሳለመች፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባችም። ቀጥ ብላ ቤቷ ሄደችና ዶማ ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርምና፣ ከግራዋው ሥር ራሷ የደረደረቻት ትንሽ የድንጋይ ክምር አለች። ከክምሯ አጠገብ ቆፈረች። እግሩን ከጉድጓዱ ካወረደች በኋላ፣ አፈር ሳታለብሰው ተንበረከከች።

«ልጄ፣» አለች ድንጋዮቹን በመዳፏ እየዳበሰች፣ «ሆዴ ውስጥ ሳለህ የረገጠህ እግር ይኸውልህ።»