ስልሳ ስድስት ምት በደቂቃ

ባልቻ ቅዳሜ ጠዋት ሙዚቃውን ለአሥራ አራተኛ ጊዜ ከፈተው። አንድን ቅጂ ከሦስት ጊዜ በላይ ሰምቶ አያውቅም።

ቢሮው ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ከመኝታ ቤቱ ጥግ ያለች ጠረጴዛ ናት። የሙዚቃ ቅጂዎችን ለሚመዘግብ የለንደን ድርጅት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። የሚላክለትን ሰምቶ ሦስት ሣጥን ይሞላል፤ ፍጥነት፣ ቅኝት፣ ስሜት።

ድርጅቱ አሁን ይህንኑ የሚሠራ ፕሮግራም ገዝቷል። እሱና ፕሮግራሙ አንድ ቅጂ እንዲሰሙ ተወሰነ። ባልቻ ከተሳሳተ ኮንትራቱ በዚህ ወር ያበቃል። መልሱን እስከ ለንደን እኩለ ቀን፣ ማለትም እስከ ቶሮንቶ ጠዋት አንድ ሰዓት ይጠብቃሉ።

ቅጂው ናቫሆ ስለሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተደረሰ ነው። ስልሳ መዘምራን ከኦርኬስትራ ጋር አሥራ አንድ ደቂቃ ይዘምራሉ። ፕሮግራሙ መልሱን ሰጥቷል፤ ፍጥነት መቶ ሠላሳ ሁለት፣ ቅኝት ኤፍ ሜጀር፣ ስሜት ደስታ።

ባልቻ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ ቆጠረ። የከበሮው እያንዳንዱ ምት ትንሽ ማሚቶ ያስከትላል፤ ፕሮግራሙ ማሚቶውንም ቆጥሮታል። ስልሳ ስድስት ብሎ ጻፈ። ወፍራሞቹ ድምፆች የሚያርፉበትን ተከተለና ዲ ማይነር አለ። ሦስተኛው ሣጥን ባዶውን ቀረ።

ሚስቱ ቦጋለች ትከሻውን ነካችው። ሄድፎኑን አወለቀ።

«ሦስቴ ጠራሁህ እኮ!»

«አልሰማሁም።»

«አራት ቀን ሙሉ ምኑን ሰምተህ! ጆሮህ ደክሟል አይደል? ንገረኝ እንጂ፤ ለለንደን አላሳብቅብህም።»

«ጆሮዬ ደህና ነው።»

«እስቲ በስፒከር ልቀቀውና እኔም ልስማው።»

«አይሆንም።»

«ጺምህንስ ለምን አትላጭም? ገና ሳያባርሩህ የተባረረ ሰው መሰልክ።»

ለወትሮው በቀልዷ ይስቅ ነበር። አልሳቀም።

«ቁርስ ብዪ» አላት።

«አንተ እንዲህ ሆነህ እህል ይወርድልኛል?»

«ብዪ ግዴለሽም። ጠግበሽ ብዪ።»

ሁለት እንቁላል ጠብሳ አጠገቡ ተቀምጣ በላች። የሄድፎኑን አንድ ጎን ጆሮዋ ላይ አስጠጋች።

«ይኼማ ደስታ ነው። ደስታ በለውና ላከው። ከማሽኑ ጋር ከተስማማህ ማን ይጣላሃል? ደሞ ስልኬ ተጠግኖ የሚመጣው መቼ ነው? ከሰው ሁሉ ጠፋሁ።»

«ዛሬ።»

ባልቻ ለአሥራ አምስተኛ ጊዜ ሰማው። መዘምራኑ ድምፃቸውን ከጥርሳቸው ጀርባ ይዘውታል። አንዴም ለቀቅ አላደረጉትም። «የታፈነ» ብሎ ጻፈና ላከው።

ለአንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው የድርጅቱ አስተባባሪ ሜሮን ደወለች።

«ጋሽ ባልቻ፣ ‹የታፈነ› የሚል ሊስቱ ላይ የለም እኮ።»

«ጨምሩት።»

«እንዳለ ሰብሚት ላድርገው? አይቆጭዎትም?»

«አይቆጨኝም።»

ቦጋለች ጣቶቿን እያፍተለተለች ከመስኮት ወደ በር ተመላለሰች። ባልቻ እርምጃዋን ቆጠረ። መቶ አርባ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሽ ባልቻ፣ ሦስቱንም አገኙት! የኦርኬስትራው መሪ ኖታው ጠርዝ ላይ ‹ድምፃችሁን አፍናችሁ› ብሎ ጽፎላቸዋል። ኮንትራቱ ለሁለት ዓመት ሪኒው ሆኗል!»

«አመሰግናለሁ» አለና ዘጋው።

ቦጋለች እልልታዋን አቀለጠችው። ባልቻ እጁን አፏ ላይ ሊጭን ቃጥቶ ተወው።

«ምን ሆነሃል? በደስታህ ቀን እንኳ እንደ ድንጋይ!»

በሩ ተንኳኳ። ቦጋለች ሮጣ በቀዳዳው አጮለቀች። ጎረቤታቸው ፀጋዘአብ ከነሚስቱ፣ ከኋላቸው ቄሱ፣ ሌሎችም ቆመዋል። በጠቅላላው ዘጠኝ ሰው።

«በዚህ ጠዋት! አንተ ነህ የጠራሃቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጉደኛ! እንደምታሸንፍ ታውቅ ነበር ማለት ነው! እኔን ግን በጭንቀት ልትገድለኝ!»

ባልቻ በሩን ከፈተ።

«ግቡ» አለ ለፀጋዘአብ፤ «የወንድሟን መርዶ እናንተ ንገሯት፤ እኔ አራት ቀን ሞክሬ አቃተኝ።»