በላጲስ የጸዳ ባሕር

ካርታው ላይ አንድም ምልክት አልቀረም፤ ካፒቴን ጋስፓሬ ሁሉንም በላጲስ አጥፍተውታል።

የባሕር ተመራማሪዋ ኒንፋ ከፓሌርሞ ከተማ እስከ ማዛራ ወደብ የመጣችው ለእነዚያ ምልክቶች ስትል ነው። የዩኒቨርሲቲው መርከብ ነገ ጠዋት ካሜራ ወደ ጥልቁ ያወርዳል፤ አንዴ ብቻ። የት እንደሚወርድ የምትመርጠው እሷ ናት።

«ለምን አጠፉት፣ አጎቴ?»

«ምልክት የማደርገው ከባሕሩ ወለል የበቀለ ኮራል መረብ የሚይዝበት ቦታ ላይ ነዋ! ኮራሉን መረቡ ሰባብሮ ከጨረሰው በኋላ ምን ይይዘዋል? ጸዳ እንላለን። ለጸዳ ቦታ ምልክት ምን ይሠራለታል?»

ካርታውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። እርሳሱ ወረቀቱን ሰርጉዶታል። በጣቷ ዳበሰችው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አራት። መቁጠሯን ተወችው።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?»

መነጽራቸውን አደረጉ። «እዚህ? ቅርንጫፉ የተንጨፈረረ፣ ብርቱካንማ ነገር። ከመረቡ ጋር ወጣ። ወጥ ቤታችን ‹ካፒቴን፣ ዛሬስ አጋዘን ነው ያጠመድነው!› አለ። ስቀን መልሰን ወረወርነው።»

«ስንት ዓመቱ ይሆን?»

«ወጥ ቤቱ?»

«ኮራሉ!»

«እኔ በምን አውቄ?»

«መቶ ዓመትም፣ ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል።»

ካፒቴኑ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያልተነካ ቦታ አለ?» አለች። «አንድ እንኳ?»

«ብታገኚ ምን ልታደርጊ?»

«አያለኋ!»

«ካየሽ በኋላስ?»

መዋሸት አታውቅበትም። «እጽፋለሁ። ከተጻፈ መረብ እንዳይጣልበት ይከለከላል።»

ካፒቴኑ በመስኮቱ ወደ ወደቡ አዩ። ልጃቸው ሊቦሪዮ እሳቸው ባወረሱት መርከብ ላይ ቆሞ ያጠመደውን ሽሪምፕ በሣጥን ያወርዳል።

«ያ ልጅ ሦስት ልጆች ያሳድጋል» አሉ።

«አውቃለሁ።» ይቅርታ አልጠየቀችም። ግን ሌላ ነገር ከነከናት። «አጎቴ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ኮራሉን ከላይ ሆነው በመረብ ጎተቱት። ቆሞ ምን እንደሚመስል ማየት አያምርዎትም?»

ካርታውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ተሰብሮ ነው የማውቀው» አሉ። «ሁሌም ተሰብሮ።»

ጣታቸውን ስርጉድ የሌለበት ቦታ ላይ አሳረፉ። «እዚህ። ጥልቀቱ ስድስት መቶ ሜትር። ካርታ ላይ አስፍሬው አላውቅም፤ ምርጡ ሽሪምፕ ከዳሩ ስለሚወጣ ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ነው። የነገርኩት ለሊቦሪዮ ብቻ ነው። እሱም እስከ ዛሬ ከዳሩ አላለፈም።»

ኒንፋ ቦታውንና ጥልቀቱን እየጻፈች «ያልፍ ይሆን?» አለች።

«ሽሪምፑ ሲመናመንበት ማን አያልፍም?» ቆባቸውን ደፉ። «አንቺ ቆዪ። ቦታው ሊከለከል መሆኑን ሊቦሪዮ ከሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማ።»

ወጡ። የሚባባሉትን እንዳትሰማ ይመስል፣ በሩን ገጥመው ዘጉት።