አንገታቸውን የገተሩት መሪጌታ

"ደህና" ማለት፣ በላስታ፣ ሰውየው እስካሁን አልሞተም ማለት ነው።

ከዚያ ያለፈ መረጃ የለውም።

"እንዴት ነዎት መሪጌታ?" አለች ሲስተር ፋና፤ በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሆና ማን ቀድሞ ሐኪም ይየው የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት።

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ታዲያ ምን አመጣዎት?"

"ሚስቴ።"

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ከኋላ ሆነው "ራሳቸውን ነው የሚያማቸው! ንገሯት እንጂ!" አሉ።

"ጾም ነው" አሉ መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ።

ሁዳዴ ነው... ከወረፋው ግማሹ ራሱን ይዞ ነው የተቀመጠው።

ፋናን ግን ሌላ ነገር ቅር ብሏታል።

ሲገቡ ብድግ ብላ እጅ ነስታቸው ነበር... እሳቸው አንገታቸውን እንኳ ሰበር ሳያደርጉ አዩዋት።

"እዚያ ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ" አለች፣ ቀዝቀዝ ብላ።

አግዳሚው ላይ የታመመ ጥርሱን ይዞ የተቀመጠው አያ ደባሱ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል አለ።

"መሪጌታ ዘንድሮ ኮርተዋል።"

"ተው እንጂ!"

"ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሲሰግድ፣ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ገትረው ቆሙ አልኩህ!"

ፋና ሰማች። በልቧም "እውነቱን ነው" አለች።

አንገታቸውን ገትረው...

ገትረው...

ማጅራት... ገትር!

እስክሪብቶዋን ጥላ ተነሳች።

"መሪጌታ፣ እስቲ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያስነኩልኝ።"

"እሱማ ከትናንት ጀምሮ እንቢ ብሏል፣ ልጄ።"

ግንባራቸውን ነካችው... ይፋጃል።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?!"

"እንዴት ነዎት አልሽኝ እንጂ፣ አንገትዎስ መቼ አልሽኝ?"

ሐኪሙን እየሮጠች ጠራች። መድኃኒቱ ወዲያው ተጀመረ። በኋላ ከወገባቸው የተቀዳው ፈሳሽም ያንኑ ተናገረ... ማጅራት ገትር።

"ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ..." አለ ሐኪሙ።

አያ ደባሱ ጥርሱን ረስቶ የመሪጌታን አልጋ ሲገፋ ታየ።

ከዚያ ወዲህ ፋና "እንዴት ነዎት" ብላ ብቻ አታቆምም። "ትናንት ያደርጉት የነበረ፣ ዛሬ ያቃተዎት ነገር ምንድን ነው?" ትላለች።

ወዳጆቼ... ያላጎነበሰ ሁሉ የኮራ አይደለም። አንዳንዱ አሞት ነው።

እናንተስ... "ሰላምታ ነፈገኝ" ብላችሁ ተቀይማችሁት፣ በኋላ ታሞ ያገኛችሁት ሰው የለም? እስቲ ኮሜንት ላይ አውጉን።

መሪጌታ ድነው ወደ ማኅሌታቸው ተመልሰዋል። እንዴት ነዎት ሲባሉ አሁንም "ደህና" ይላሉ።

ሚስታቸው ግንባራቸውን ሳይነኩ አያምኑም።