ድልድዩን የዘጋው ጦር

ሰዓት ሠሪው ከታናሽ ወንድሙ ከመምህሩ ጋር ከተኳረፈ ሰባት ዓመቱ ነው። ምክንያቱን ለሰው ቢናገሩት ያሳፍራል፤ የቆርቆሮ ወታደር ነው።

ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ጦር ማሰለፍ ነፍሳቸው ነው። ኮረብታውን ከካርቶን፣ ድልድዩን ከእንጨት ይሠራሉ፤ አውራ ጣት የሚያካክሉትን ወታደሮች በቀጭን ብሩሽ ልብስ ያለብሳሉ። አንድ ቀን የሰዓት ሠሪው መድፍ ድልድዩ ድረስ ይመታል አይመታም ተባባሉና በክር ለኩ።

«ክሩን ሳብከው!» አለ ታናሽ።

«እኔን? ታላቅህን አታላይ ልትል ነው?» አለ ታላቅ።

በቃ፣ በዚያው ቀሩ።

ጉዱ ግን ጨዋታው አለመቆሙ ነው። በየቤታቸው አንድ ዓይነት ጠረጴዛ ዘረጉና በየቅዳሜው ጦራቸው ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ጽፈው በፖስታ ማሸግ ጀመሩ። እህታቸው ታመላልሳለች። ፖስታው የሚከፈተው ሁለቱም ጽፈው ከተለዋወጡ በኋላ ብቻ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ቀድሞ ካየማ ምኑን ጦርነት ሆነ? ሰዓት ሠሪው እህቱን «ፖስተኛዋ» ይላታል።

«ድልድዩን ተሻግሬ ባንዲራውን የወሰድኩ ዕለት» ይላል ዘወትር፣ «በእግሬ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ። ተሸንፌ ግን አልታረቅም፣ ሞቼ ነው!»

እውነቱን ለመናገር ወንድሙ ናፍቆት አንጀቱ አሯል። ኩራት ግን ክፉ ነው።

ባለፈው ዓመት ልቡ ታመመና ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ ደረጃ እንዳይወጣ፣ ጨው እንዳይቀምስ፣ ድንገተኛ ወሬ እንዳይሰማ ለእህቱ አደራ ብሎ ሰደደው። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም። እህቱ እንደ እንቁላል ትይዘዋለች፤ በሩን ሳይቀር ራሷ ናት የምትከፍተው።

ጦርነቱም የተበላሸበት ከዚያ ወዲህ ነው። ፈረሰኞቹን በግራ ሲልክ የመምህሩ መድፍ በግራ ይጠብቀዋል። በቀኝ ሲልክ በቀኝ። እሳት የነበረው መምህር አሁን አንድም ቀን አያጠቃም፤ ድልድዩን ዘግቶ መቀመጥ ብቻ። ድሮ ከትእዛዙ ሥር «ሰዓትህ ቆመች እንዴ፣ ሽማግሌው?» የምትል ነገር ጣል ያደርግ ነበር። እሷም ቀረች።

ጽሕፈቱም የእህቱ ሆኗል።

«እጁ ይንቀጠቀጣል» አለችው ሲጠይቃት። «እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ሰዓት ሠሪው ጥርጣሬ ገባው። የሁለቱንም ሐሳብ የምታውቅ አንድ ሰው አለች ማለት ነው። ደግሞ ድሮ «ኧረ እባካችሁ ታረቁ፣ አርጅታችኋል!» እያለች ትነዘንዘው ነበር። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ስለ እርቅ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

አንድ ቀን ሻይ እየቀዳችለት፣ «ጋሼ፣ ፈረሰኛ በአንድ ዙር ስንት ጣት ነው የሚሄድ?» አለችው።

«ለፖስተኛ ምን ያደርግላታል?»

«እንዲያው ነው» አለችና ጥቁር ሹራቧን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። የገዛ እህቱ! እሱ ቢያሸንፍ እርቅ ይወርዳል፤ እሷ ደግሞ እርቁን አትፈልግም። ለምን? በሁለቱ መካከል መመላለሱ ጥሟት ይሆን? እንጃላት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ትእዛዙን ጽፎ አሸገና በፊቷ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

«ዛሬ የእሱን ቀድመሽ አምጪ። የእኔ እዚሁ ይቆያል።»

እህቱ ክው አለች። «ደንቡ እንዲህ አይደለማ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ፖስተኛ ነሽ፤ ደንቡ ምን አገባሽ?»

ሄደች። ሌላ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ የምትመለሰው ሦስት ሰዓት ቆየች። ስትመጣ ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ ፖስታውም በእጇ ላብ ርሷል። ሁለቱን ፖስታዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ከፈቱ። የመምህሩ ጦር በሙሉ ወደ ኮረብታው ወጥቷል። ድልድዩ ባዶ ነው።

ሰዓት ሠሪው ፈረሰኞቹን አንድ በአንድ አሻገረ። ባንዲራዋን በሁለት ጣቱ ነቀላት። መደሰት ነበረበት፤ ንዴቱ ግን ቀደመ።

«አየሽ? ዛሬ ሐሳቤን የሚያቀብለው አጣና ተሸነፈ! ስንት ወር ሙሉ ስትሸጪኝ ኖርሽ?»

እህቱ የተቀደዱትን ፖስታዎች ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች።

«ወንድማማች እንዳይታረቅ የምትጥር እህት አላየሁም፣ አልሰማሁም! አንቺ ምን ዓይነት ጉድ ነሽ? ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትደርሺ!»

ኮቱን ለበሰ። ጫማውን ለማሰር ሲጎነበስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ ግን አሰረ። መስተዋት ፊት ቆሞ ፀጉሩን በእጁ አስተኛ፤ ሰባት ዓመት ነው፣ ወንድሙ እንዲህ ከስቶ ሲያየው ምን ይል ይሆን? ሳያስበው ፈገግ አለ።

«ቃሌ ቃል ነው። አሁኑኑ ሄጄ ጉንጩን አገላብጬ እስመዋለሁ። ዞር በይልኝ ከበሩ።»

እህቱ ዞር አላለችም። እጀታውን ከኋላዋ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ የምትስመው ሰው የለም፤ ከሆስፒታል ከወጣህ ጀምሮ የተዋጋኸው ከእኔ ጋር ነው።»